ኩርሽም አልልም ያለው ሳምቡሳ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኛላችሁ። የዛሬዋ ላም ግን በረት ውስጥ የለችም፤ መሐል በር ላይ ተኝታለች። እሷ ዘንድ እስክንደርስ ታገሡኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በመንገዱ ላይ የምናገኘው ሁሉ ደግሞ እንቢ ባይ ነው። ማን ምን እንዳለ ጠፋኝ ብላችሁ እንዳትቆጡ፤ እኔው ራሴ በየመንገዱ እደግምላችኋለሁ።

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተከራይ በበዛበት አንድ ግቢ ጋሽ ይመር የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ሲነዱ የፈጁ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ሚሌ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ጎረቤት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከመንገድ ሕይወታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሳምቡሳ ነበር። ምስር የተሞላ፣ ቃሪያው ያልተረሳ፣ ሲነክሱት ኩርሽም የሚል ሳምቡሳ። ኩርሽም ካላለ የበላሁ አይመስለኝም ይሉ ነበር።

ታዲያ ልባቸው ታመመ። ሐኪሙም በዘይት የተጠበሰ ነገር እንዳይቀምሱ አጥብቆ ከለከላቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገቡና አልጋቸው ላይ ተጋደሙ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሾርባ ሲመጣ "ይቆይ"፣ ቅንጬ ሲመጣ "ይቆይ"። ያ ሁሉ ሰውነት እየሟሸሸ ሱሪያቸው በቀበቶ አልያዝ አለ።

ልጃቸው ሐያት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና "አባ፣ ምን ልሥራልዎ? የሚያምርዎትን ይንገሩኝ" አለቻቸው።

"አንዲት ሳምቡሳ" አሉ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ። "ኩርሽም የምትል። እሷ ከሌለች ሌላውን ተዪው። ደግሞስ ብበላ ባልበላ ከእንግዲህ ለማን እጠቅማለሁ ብለሽ ነው?"

ሐያትን ያስደነገጣት ሳምቡሳው አይደለም፤ የኋለኛው ቃል ነው። አባቷ ተቆጥተው ያውቃሉ፣ ተሳድበው ያውቃሉ፤ እንዲህ ብለው ግን አያውቁም። ያን ቀን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ሳምቡሳ ያለ ዘይት በእንፋሎት ቀቅላ አቀረበችላቸው። ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "ይሄ ሳምቡሳ አይደለም፣ ትራስ ነው" አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ሐያት በማግስቱ ፒያሳ ወጣች። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገብታ ችግሯን ነገረችው። ሻጩ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ የመስታወት በር ያላት፣ ትልቅ ሬዲዮ የምታህል ኦቨን አሳያት።

"እህቴ፣ ይቺ በዘይት አይደለም የምትጠብሰው፤ በነፋስ ነው" አላት።

"በምን?"

"በነፋስ። ከላይና ከታች ያለው ብረት ይግላል፤ ከኋላዋ ማራገቢያ አለ፤ ትኩሱን አየር እያሽከረከረ ምግቡን ከአራቱም ማዕዘን ይመታዋል። ዘይት በብሩሽ ቀባ ማድረግ ይበቃል። ዳቦም ትጋግራለች፣ የደረቀ ዳቦም ታሞቃለች።"

እንደ መሳቢያ የሚጎተት ሌላም ዓይነት ነበረው፤ ውስጡ ግን አይታይም። ሐያት መስታወት ያለውን መረጠች፤ አባቴ እያዩ ይጓጉ ብላ። ሻጩ ባዶውን አበራላት። ውስጡ ብርቱካናማ ሆነ፤ ነፋሱም ኡኡኡ እያለ ተነሣ። ሐያት እጇን መስታወቱ አጠገብ አድርጋ ቆመች። ነፋስ እኮ ነው! ጦሳ ላይ ሲነሣ ቆርቆሮ የሚገነጥለው፣ ልብስ ከገመድ ላይ ወስዶ ጎረቤት የሚጥለው፣ ያው የምናውቀው ነፋስ፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ምግብ ሊያበስል ነው። እኔ ይህን ስሰማ አላመንኩም፤ እናንተም ባታምኑ አልቀየማችሁም።

ኦቨኑ ግቢ ሲገባ የመጀመሪያዋ እንግዳ የግቢው አከራይ እትዬ ይመኙሻል ናቸው። ኦቨኑን ዞሩት፣ አጎንብሰው አዩት፣ በጣታቸው አንኳኩት።

"ተሟሽቷል?" አሉ።

"እትዬ፣ ኦቨን እኮ ነው።"

"ይሁና! አዲስ ድስት ይሟሻል፣ አዲስ ጀበና ይሟሻል። ሳይሟሽ እሳት ላይ የወጣ ዕቃ እህል ይይዛል። ቆይ፣ ጎመን ዘር አለኝ።"

ሐያት እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ ደግሞ በልቧ "ማን ያውቃል" አለች። እትዬ ይመኙሻል እፍኝ ሙሉ ጎመን ዘር የኦቨኑ ትሪ ላይ በተኑ፤ በሩ ተዘጋ፤ ማብሪያው ዞረ። ነፋሱ ተነሣ። ጎመን ዘሩም አብሮ ተነሣ! ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ጎን፣ ጥቁር በረዶ በመስታወቱ ውስጥ ይዘንብ ጀመር። ሁለቱ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጭሱ ሲያስላቸው ነው ማጥፋት ትዝ ያላቸው። "ወይ ጉድ!" አሉ እትዬ ይመኙሻል፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ዘር የሚያስጨፍር ምድጃ!"

ጎመን ዘር በዚያ ኦቨን ስንጥቅ ሁሉ ገብቶ ነበርና ሲለቅሙት ዋሉ። ባይለቅሙ ኖሮ፣ ወይም ባያሟሹ ኖሮ፣ ሳምቡሳው በጠዋት ተጠብሶ፣ እኔም የምነግራችሁ አጥቼ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ለቅመው ሲጨርሱ ግን ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ በያጁ ጌታሰውም ለግቢው የተሠራውን አዲስ የብረት በር በጋሪ ጭኖ መጥቷል።

ሐያት ሳምቡሳውን ጠቀለለች፤ ምስሩን ሞላች፤ ዘይቱን በብሩሽ ቀባ አደረገች፤ ደርድራ አስገባች። አልጋ ላይ ያሉት ጋሽ ይመር ኡኡኡ የሚለውን ሲሰሙ ጆሯቸውን አቀኑ። ወዲያው ግን ከደጅ ቂውውው የሚል ድምፅ መጣ፤ መስኮቱ በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። ኦቨኑም ጭልም አለ።

ሐያት በሩን ከፍታ ሳምቡሳውን ነካችው። ነጭ ነው፤ ለስላሳ ነው። "ምነው ሳምቡሳ፣ ኩርሽም በል እንጂ" አለችው። "አባቴ አልበላም ብለዋል።"

ሳምቡሳውም "ኩርሽም አልልም፤ ኦቨኑ መቼ ነፈሰብኝ?" አለ። እንግዲህ ተጀመረ። ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

ሐያት ወደ ኦቨኑ ዞረች። "ኦቨኔ፣ እባክህ ንፈስ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ አባቴም አልበላም አሉ።"

ኦቨኑም "አልነፍስም" አለ። "እኔ የምበላው መብራት ነው፤ ሆዴም ሰፊ ነው። ቆጣሪው አልሸከምህም ብሎ ከአፌ ነጠቀኝ።" ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

ቆጣሪው ከበረንዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የተከራዩ ሁሉ አምፖል፣ የተከራዩ ሁሉ ቴሌቪዥን የሚንጠለጠለው በእሱ ነው። ሐያት የቤታቸውን መስመር ማብሪያ ብታነሣው፣ ቀጭ ብሎ ወረደ። ደግማ ብታነሣው፣ ደግሞ ወረደ። ቢጨንቃት በጥፊ አለችው። "ቆጣሪ! ኦቨኑን ተሸከም፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ አባቴም አልበላም አሉ።"

"እኔን ለምን ትመቺኛለሽ?" አለ ቆጣሪው። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! አልሸከምም። ብየዳውም እኔ ላይ፣ ኦቨኑም እኔ ላይ፤ ወገቤ ይቆረጥ? ብየዳው ይረፍና እንነጋገራለን።" እውነቱን ነው፤ አንድ ቆጣሪ ለግቢ ሙሉ ሰው። ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

ሐያት ወደ ግቢው መግቢያ ሮጠች። ጌታሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በትከሻው አዲሱን በር ደግፎ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የብየዳው ማሽን ያጉረመርማል።

"ጌታሰው፣ ለትንሽ ጊዜ አቁምልኝ" አለችው። "ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ አባቴም አልበላም አሉ።"

"እህት ዓለም፣ እኔማ ባርፍ ምን ከፋኝ!" አለ ጌታሰው። "በሩ የቆመው በዚች በአንዲት ማጠፊያና በኔ ትከሻ ነው። አሁን ብለቀው ይወድቃል፤ ሕፃን ቢያልፍስ? የላይኛዋን በብየዳ እየነካካሁ ይዤው ነው የቆምኩት። ቦታው ካልገባ የታችኛውን ማጠፊያ መበየድ አልችልም።" ማሽኑም ከሥር "አላርፍም፤ በሩ ሳይቆም አላርፍም" አለ። ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

ሐያት በሩን ቀና ብላ አየችው። ባለ ጦር ጫፍ፣ ገና ቀለም ያልቀመሰ ትልቅ በር ነው። "በር ሆይ፣ ቁምልን፤ ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ አባቴም አልበላም አሉ።"

በሩም "የት ልቁም?" አለ። "ቦታዬ ላይ ማን እንደተኛች አታዪም? አልቆምም።" ደረስን! ቃል በገባሁላችሁ መሠረት፣ መሐል በር ላይ፣ አራት እግሯን አጣጥፋ፣ የእትዬ ይመኙሻል ላም ቦቃ ተኝታለች። በሩ አልቆምም አለ፤ ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አገልድመው ደረሱ። ጭራዋን ሳቡ፤ ላሚቱ ንቅንቅ አላለችም። ድርቆሽ አሳዩዋት፤ አልዞረችም። "ቦቄ፣ ቦቄ የኔ እመቤት፣ አታሳፍሪኝ" አሉ። ሐያትም ተንበርክካ በጆሮዋ ለመነቻት። "ቦቃ፣ ተነሽልን፤ በሩ አልቆምም አለ፤ ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ አባቴም አልበላም አሉ።"

ላሚቱ ዓይኗን ጨፍና አመሰኳች፤ ማመስኳቷን ስትጨርስም "አልነሣም" አለች። "ልጄን ሳላይ ከዚህ አልነሣም። ያ ሰማያዊ መብረቅ ሲወጣ ልጄ በርግጎ ሸሸ። እናንተ አባቴ አልበላም አለ ብላችሁ ትሯሯጣላችሁ፤ እኔስ ልጄ ጠፍቶብኝ ልነሣ?" ለዚህ መልስ ያለው ይመልስላት። ላሚቱ አልነሣም አለች፤ በሩ አልቆምም አለ፤ ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

ጥጃውን ከጓሮ አገኙት። ከግድግዳው ጋር ከተደገፈ የቆርቆሮ ክምር ኋላ ገብቶ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ቆዳው ይርገበገባል። ገብቶ መጎተት አይቻልም፤ ቆርቆሮው ቢናድ ይቆርጠዋል። ራሱ ወዶ ካልወጣ መላ የለውም። ሐያት ከውጭ ሆና "ና የኔ ጌታ" አለችው። "ላሚቱ አልነሣም አለች፤ በሩ አልቆምም አለ፤ ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ አባቴም አልበላም አሉ።"

"አልመጣም" አለ ጥጃው፣ ከግድግዳው ሳይዞር። "እፈራለሁ። የኔ ሰውዬ ከጠራኝ እመጣለሁ።"

የእሱ ሰውዬ ማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ይመር ሳይታመሙ በፊት ጠዋት ጠዋት የድንች ልጣጭ ይዘው ይወጡ ነበር። ጥጃው እናቱን እየተከተለ ሲንገላወድ አይተው "ይሄማ ተሳቢ ነው" ብለው ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ሲጠሩት በከንፈራቸው የከባድ መኪና ክላክስ ነፍተው ነው፤ ጷ ጷጷጷ! ከዚያ "ተሳቢ!" ይሉታል። እሱም ከየትም ይሁን ከየት እየዘለለ ይመጣል። ከታመሙ ወዲህ ግን ያን ድምፅ የሰማ የለም።

እትዬ ይመኙሻል "ተሳቢ! ተሳቢዬ!" ብለው ሞከሩ። ጥጃው ጆሮውን እንኳን አላነቃነቀም። ጌታሰው በሩን እንደተሸከመ ከሩቅ ጷጷ! አለ። ጥጃው ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። "ዝም በል አንተ፣ የባጃጅ ነው ያወጣኸው" አሉት እትዬ ይመኙሻል። ጥጃው አልመጣም አለ፤ ላሚቱ አልነሣም አለች፤ በሩ አልቆምም አለ፤ ብየዳው አላርፍም አለ፤ ቆጣሪው አልሸከምም አለ፤ ኦቨኑ አልነፍስም አለ፤ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ጋሽ ይመርም አልበላም አሉ።

አንድ ብቻ ቀረ፤ ድምፁ። ሐያት ወደ ቤት ገብታ ጆሮዋን ወደ አባቷ ጉሮሮ አስጠጋች። "ድምፅ ሆይ፣ ውጣ፤ ጥጃው አልመጣም አለ።"

ድምፁም ከጉሮሯቸው ውስጥ ሆኖ "አልወጣም" አለ። "በምን አቅሜ? ሰውዬው አልበላም ብሏል እኮ። በባዶ ሆድ ጥሩንባ አይነፋም።"

አያችሁት? ኧረ እዩት! ድምፁ ሰውዬው ካልበላ አልወጣም አለ፤ ጥጃው ድምፁ ካልወጣ አልመጣም አለ፤ ላሚቱ አልነሣም፣ በሩ አልቆምም፣ ብየዳው አላርፍም፣ ቆጣሪው አልሸከምም፣ ኦቨኑ አልነፍስም፣ ሳምቡሳው ኩርሽም አልልም አለ፤ ሰውዬው ደግሞ ሳምቡሳው ኩርሽም ካላለ አልበላም አሉ። ዞሮ ዞሮ ገጠመ። አንዲት የጣት ርዝመት የማትሞላ ሳምቡሳ፣ ብረቱን፣ ከብቱን፣ መብራቱን፣ ሰውን ሁሉ አንድ ገመድ ላይ አሰረችው። እኔ ብዙ ተረት አውቃለሁ፤ እንዲህ መላ ያጣሁበት ግን የለም። አንዱ ምንም ሳይቀበል ካልሰጠ በስተቀር ይሄ ነገር የሚፈታበት ቦታ አልታየኝም።

ሐያትም የምታደርገው ጠፋት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ለአባቷ፣ ለጀርባቸው ማለት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። ሳምቡሳው እንዲህ አለ፤ ኦቨኑ እንዲህ አለ፤ ቆጣሪው እንዲህ አለ። ጋሽ ይመር ዝም። ብየዳው እንዲህ አለ፤ በሩ እንዲህ አለ። ዝም። ላሚቱ እንዲህ አለች። ዝም።

"ጥጃው ደግሞ እፈራለሁ፣ አልመጣም አለ። ቆርቆሮው ኋላ ገብቶ ይንቀጠቀጣል።"

ጋሽ ይመር ዞሩ። ስንት ጊዜ ከግድግዳው ሳይላቀቁ የኖሩት ሰውዬ ፊታቸውን አዞሩ።

"ማን? ተሳቢ ፈራ?"

"አዎ አባ። ማንም ቢጠራው አልወጣ አለ።"

"ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? ስለ ቆጣሪ ታወሪኛለሽ! ጫማዬን አቀብዪኝ!"

"አባ፣ ምንም አልቀመሱም እኮ። ትንሽ ሾርባ..."

"ጫማዬን አልኩሽ!"

ተነሡ። ግድግዳውን ይዘው፣ ከዚያ የሐያትን ትከሻ ይዘው፣ ከዚያ የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ወጡ። ተከራዮች በየበራቸው ቆመው ያያሉ። ጌታሰው በሩን እንደተሸከመ አንገቱን አዙሮ ያያል። ጋሽ ይመር ጓሮ ደርሰው ከንፈራቸውን አሾሉ። መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ፉፉ አለና ሞተ። እትዬ ይመኙሻል አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ካልበሉበት ሆድ፣ ካልጠገበ ደረት፣ ሁለተኛውን ነፉ።

ጷ! ጷጷጷ! "ተሳቢ!"

በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ስንት ጊዜው! እኔ ብሆን አለቅስ ነበር፤ ሐያትም አለቀሰች። ከቆርቆሮው ኋላ በመጀመሪያ አንድ ጆሮ ወጣ። ከዚያ እርጥብ አፍንጫ ወጣ። ከዚያ ጥጃው በሙሉ ወጥቶ ግንባሩን ከጋሽ ይመር ጉልበት ጋር አጋጨ፤ ሊጥላቸው ምንም አልቀረውም። "አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፤ ብየዳ ነው፤ ምንም አያደርግህም" አሉት፣ አንገቱን እያሻሹ።

እንግዲህ ያዙኝ፤ ገመዱ ተፈታ! ድምፁ ወጣ፤ ጥጃው መጣ፤ ላሚቱ ልጇን አየችና ተነሣች፤ በሩ ቦታው ገባና ቆመ፤ ጌታሰው የታችኛውን ማጠፊያ ቂው አደረገና ብየዳው አረፈ፤ ቆጣሪው ማብሪያው ሲነሣ ፀጥ ብሎ ተሸከመ፤ ኦቨኑ ኡኡኡ ብሎ ነፈሰ።

ጋሽ ይመር ወደ አልጋቸው አልተመለሱም። በርጩማ አስመጥተው ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡ። ተከራዩም ከኋላቸው ቆመ፤ አጎነበሰ፤ ቁጢጥ አለ። በብርሃኑ ውስጥ ነጩ ሳምቡሳ ቀስ በቀስ ገለባ መሰለ። ከዚያ ማር መሰለ። ቆዳው ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ተነሡ፤ ጠርዙ ቡናማ እያለ መጣ። እሳት አይታይም። ዘይት አይንጣጣም። የሚታይ ነገር የለም፤ የማይታየው ነፋስ ግን ይሠራል። እትዬ ይመኙሻል በሹክሹክታ "ሥራህ ድንቅ ነው" አሉ፤ ለማን እንዳሉት ታውቃላችሁ። ከዚያ ኦቨኑ ትንግ አለ፤ ሁሉም ሰው ደነገጠ።

ሐያት አንዷን አንሥታ፣ እፍ ብላ፣ ለአባቷ ሰጠቻቸው። ጋሽ ይመር ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት። ነከሱ።

ኩርሽም!

ግቢው ሁሉ ሰማው፤ በር ላይ የቆመው ጌታሰው ሳይቀር ሰማው። ጋሽ ይመር አኘኩ፤ ዋጡ፤ ደግሞ ነከሱ። ኩርሽም! ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልጠረጉትም። "ይሄን ነፋስ ነው የጠበሰው?" አሉ። "ነፋስ ነው አባ" አለች ሐያት። "ነፋስ!" አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዷን ጨርሰው ሁለተኛዋን አነሡ፤ እንደገና ዞረው መስታወቱን ያዩ ጀመር።

አፋቸው እንደሞላ "ጌታሰው!" ብለው ተጣሩ።

"አቤት ጋሼ!"

"ነገም ብየዳ አለብህ?"

"አለብኝ ጋሼ፤ የበሩ መቆለፊያ ይቀራል።"

ጋሽ ይመር ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እንግዲያው በጠዋት ቀስቅሺኝ" አሏት። "ተሳቢን ከዚህ አርቄ ማሰር አለብኝ።"

ሐያትም "እሺ አባ" አለችና ለጠዋት የሚሆን የድንች ልጣጭ ልታስቀምጥ ጓዳ ገባች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በትኩስ ሳምቡሳ አብሱ።